የነዋዚሽ ሱለህሪ አርባ አንድ ሺህ ወዳጆች

ነዋዚሽ ሱለህሪ ሰው ሰላም ሳይለው ካለፈ ቀኑ የሚበላሽበት ሰው ነበር። በሲያልኮት ከተማ ከወርክሾፑ እስከ ሰፈሩ መስጊድ ያለው መንገድ ለሌላው የአምስት ደቂቃ ነው፤ እሱን ግን አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። የኳስ ሰፊውን እናት የጉልበት ሕመም ይጠይቃል። የወተት ሻጩን ጎሾች ደኅንነት ይጠይቃል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው እንኳ ሻይ ሳያጠጣ አይሸኝም። ሚስቱ ረፊዓ፣ «ይህ ሰው ሌባ ቢገባብን መጀመሪያ 'ቤተሰብ ደኅና ነው?' ሳይል አይጮኽም» ትል ነበር።

ሥራው ዋሽንት መሥራት ነው፤ ያውም ስኮትላንዶች ብብታቸው ሥር አቅፈው የሚነፉትን ባለከረጢቱን። ከረጢቱን ከፍየል ቆዳ ይሰፋል፣ ቱቦዎቹን ከጥቁር እንጨት ያወጣል። አያቱ የአንድ ወታደር የተሰበረ ዋሽንት ጠግነው የጀመሩት ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በእሱ ጊዜ ስድስት ሠራተኞች ያሉት ወርክሾፕ ሆኗል። እያንዳንዱ ዋሽንት ከመላኩ በፊት ስለሚነፋ፣ በዚያ ሰፈር የተወለደ ሕፃን ጸጥታ ካልሆነ በቀር ምንም ነገር ከእንቅልፉ አይቀሰቅሰውም።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ገበያው ቀዘቀዘበት። ከድሮ ደንበኞቹ ገሚሱ አርጅቶ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ገሚሱ ደግሞ በጎረቤቶቹ አቤቱታ ዋሽንቱን ሰቅሏል። ሁለት ወር ሙሉ ከውጭ አንድም ትእዛዝ ጠፋ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ነዋዚሽ የስልክ ሽፋን ወደሚሸጠው ወደ ጉልፋም ሱቅ ሄደ። ጉልፋም ከሽፋኑ ጎን የኢሜይል አድራሻም በጅምላ ይሸጣል ይባል ነበር።

«ስንት ሰው አለበት?» አለ ነዋዚሽ።

«አርባ አንድ ሺህ።»

«ሁሉም ዋሽንት ነፊዎች ናቸው?»

ጉልፋም በሐዘኔታ አየው። «ሱለህሪ ሳሂብ፣ ሳንባ የሌለው ሰው ያውቃሉ?»

ነዋዚሽ ነገሩን እየደጋገመ አሰበበት፤ ስህተት ግን አላገኘበትም። ዝርዝሩን ገዛ።

«አንድ ምክር በነጻ ልጨምርልዎ» አለ ጉልፋም ሲሸኘው። «ርእሱ ላይ 'ዋሽንት' ብለው እንዳይጽፉ፤ ማንም አይከፍተውም። ልብ የሚያስደነግጥ ነገር ይጻፉ።»

ነዋዚሽ ሁለት ቀን ተጨንቆ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አዘጋጀ። ሲጀምር የተቀባዩን፣ የባለቤቱን፣ የልጆቹንና የከብቶቹን ጤንነት ይጠይቃል። ከዚያ ስለ አያቱ አንድ ገጽ አለ። ከዚያ ዋጋው። መጨረሻ ላይ፣ «ይህን ዋሽንት ሲነፉ እናትዎ ቢሰሙ ምን ያህል በኮሩ!» ይላል። ከዚህች ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ ርእሱን አወጣለት፦ «አስቸኳይ! ስለ እናትዎ።»

የመልእክት ሣጥኑ በአንድ ጊዜ ከአራት መቶ ሰው በላይ አልቀበልም ስላለው፣ ዝርዝሩን በመቶ ሦስት ቡድን ከፈለና በሁለት ጣቱ እየለቀመ በዘጠኝ ቀን ላከው። አድራሻዎቹን መደበቅ የሚቻልበት ቦታ እንዳለ አይቷል፤ ግን አልወደደውም። ድግስ የጠራ ሰው እንግዶቹን በመጋረጃ ለይቶ አያስቀምጥም። እናም የእያንዳንዱን ሰው ስም ለሌሎቹ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰዎች በግልጽ አሳየ።

መልስ ወዲያው መጣ። ነዋዚሽ በደስታ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። የመጀመሪያው፣ «ከዝርዝሩ አውጡኝ» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው በትልልቅ ፊደል ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ከሦስት መቶ በለጡ።

ነዋዚሽ ምሳውን ትቶ ወደ ቤት ገባ። «ረፊዓ፣ ሦስት መቶ ሰው ተቀየመኝ።»

«ሦስት መቶ ሰው የት ታውቃለህና?»

«አላውቃቸውም። ለዚህ ነው የከበደኝ። የሚያውቅህ ቢቀየምህ ምክንያት ይኖረዋል፤ የማያውቅህ ሰው ከተቀየመህ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው።»

እሱ ባደገበት ሰፈር «ከዝርዝር አውጣኝ» የሚል ሰው ዝምድና እየቆረጠ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማውጣት ድርብ ስድብ ይሆናል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል። ስለዚህ ነዋዚሽ ለሦስት መቶዎቹ በየተራ፣ «በምን አስቀየምኩዎ? እባክዎ ይንገሩኝ፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ልንለያይ አይገባም» ብሎ ጻፈ። እነሱም ነገሩት። አንዳንዱ የነገረው ነገር መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለም።

ከባዱ ግን ከቡድን ሰባት የመጣው ነው። ቡድን ሰባት ውስጥ ፐርቪስ የሚባል ካናዳ የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ለሁሉም በሚደርስ መልእክት «አውጡኝ» አለ። አደሊኖ የሚባል የፖርቱጋል አውቶቡስ ነጂ «እኔንም» አለ፤ ለሁሉም። አንድ ሦስተኛ ሰው፣ «እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ» ሲል ለሁሉም መለሰ። ስልሳ ሰዎች «እውነቱን ነው» ብለው ለሁሉም ደገፉት። ስድቡ ሊጀመር ሲል ኖርዌይ ውስጥ በግ የምታረባ ቱሪድ የምትባል ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናቴ የሞተችው ባለፈው መጋቢት ነው። 'አስቸኳይ! ስለ እናትዎ' የሚለውን ሳይ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ ተቀመጥኩ። ስከፍተው ዋሽንት ሆነ።»

ስድቡ እዚያው ቀረ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» አላት።

ነዋዚሽ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። እናቱን የቀበረው እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፤ ግን ስንት ሰው እናቱ እንደሞተች በምን ያውቃል? ስለዚህ ይቅርታውን ለአርባ አንድ ሺህ ሰው ጻፈ። ርእሱ፣ «እናትዎ በሕይወት ካሉ ይህን ደብዳቤ ይተዉት» የሚል ነበር።

ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሰዎች የሞት ዛቻ የተላከላቸው መሰላቸው። አቤቱታው ሲበዛ የመልእክት አገልግሎቱ ለሳምንት ዘጋበት። ሲከፈትለት ነዋዚሽ ለይቅርታው ይቅርታ ጻፈ፤ በዚያው እግረ መንገዱንም፣ በእርቅ ደንብ ባዶ እጅ አይኬድምና፣ የአሥር በመቶ ቅናሽ ጨመረበት። ቡድኖቹ አንዴ ተዘጋጅተዋልና፣ ቅናሹን በየዓርቡ ያስታውሳቸው ጀመር።

ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ከዚያች ሳምንት ወዲህ የሚጽፈው ሁሉ የትም ቢላክ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ሣጥን እንደሚገባ ነው። የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ስሙን ይዘውታል። ከቡድን ሰባት በቀር። እነሱ እርስ በርስ ሲመላለሱ ስለቆዩ ማሽኑ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ አለፋቸው።

ዘመዳሞችም ሆነው ነበር። ቱሪድ በጎቿ ሲወልዱ ትጽፋለች። አደሊኖ የአያቱን የጎመን ሾርባ አሠራር ላከ፤ ሰማንያ ሰው ሠርቶ ፎቶ አነሣ። ዶክተር ፐርቪስ ድዱ ለሚደማ ሁሉ በነጻ ይመክራል። አንዱ የሚያድርበት ሶፋ አጥቶ ሌላው ሰጠው። ነዋዚሽ ይህን በየቀኑ ያነባል፤ ደስታውም ወሰን አልነበረውም። «አየሽ ረፊዓ? እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው» ይላል። በየዓርቡም ዋጋውን ይልክላቸዋል።

አንድ ዓርብ ዶክተር ፐርቪስ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ወዳጆቼ፣ ይህ ነዋዚሽ የሚባል ሰውዬ ማን ነው? በሳምንት አንዴ እየመጣ ወሬያችንን ያቋርጣል። ለምን አናስወጣውም?»

ድምፅ ተሰጠ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይውጣ አለ፤ ዘጠኝ ሰው ይቆይ አለ፤ አንድ ሰው ስብሰባው ስለ ሕንፃው የውኃ ቧንቧ መስሎት ነበር።

ነዋዚሽ ይህን ሲያነብ አጠገቡ አዲስ ዋሽንት እየተነፋ ነበር። እጁን አነሣና ነፊውን ዝም አሰኘው። ወርክሾፑ በሥራ ሰዓት ጭጭ አለ፤ የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ ነቅተው አለቀሱ።

«ጠሪው እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ጻፈላቸው። «ይህን ማዕድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

አደሊኖ በትሕትና መለሰለት። «እናመሰግናለን፤ ግን እዚህ ማስታወቂያ አንወድም።»

ማታ ለእራት ሲቀመጡ ረፊዓ ፊቱን አይታ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለችው።

«ከራሴ ግብዣ አስወጡኝ።»

«የምን ግብዣ? መንገደኛውን ሁሉ ኮሌታውን ይዘህ ጎትተህ አስገባህ። እነሱ አሁን ሾርባ ሠርተው ሲበሉ አንተ መሐላቸው ቆመህ ዋሽንት ግዙ ትላለህ።»

ቅያሜ ያዘውና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም፣ «እንግዲያው እባካችሁ ከዝርዝሩ አውጡኝ» ብሎ ጻፈ። ማንም አላወጣውም፤ እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቅም አልነበረም። አንዲት ሴት እንዲያውም፣ «እባክህ ለሁሉም አትመልስ» ስትል ለሁሉም መለሰችለት። በቀን ዘጠና መልእክት ይመጣበት ጀመር፦ የበግ ግልገል፣ ሾርባ፣ ድድ፣ የአንድ ድመት ቀዶ ሕክምና። አሁን ለመክፈትም ይሰለቸዋል፣ ለማጥፋትም ጣቱ ይደክማል።

በዚህ መሐል ከሙስካት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ሃመድ የሚባል፣ የአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ባንድ ኃላፊ፣ ከነዋዚሽ ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው ነው።

«ሱለህሪ ሳሂብ፣ በሕይወት አሉ?»

«አልሐምዱሊላህ! እርስዎ፣ ልጆች፣ ቤተሰብ…»

«ቤተሰብ ደኅና ነው። አርባ ዋሽንት ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ። ዝም አሉኝ።»

«እኔ? ለመጀመሪያው በዚያው ዕለት መልሻለሁ!»

«ዛሬ አገኘሁት። የት እንዳገኘሁት ይገምቱ። ቆሻሻ ሣጥኔ ውስጥ፤ 'ሎተሪ ደርሶሃል' ከሚለውና መላጣ ላይ ፀጉር ከሚያበቅል ቅባት መካከል ተቀምጠዋል።»

ነዋዚሽ ሌሎቹን ሁለት ደብዳቤዎች ፈልጎ ከግልገሎቹ ሥር ተቀብረው አገኛቸው። ግን መሽቷል። ሃመድ አርባውን ዋሽንት ከመንገዱ ማዶ ላለው ዋሽንት ሠሪ ለቺማ አዝዞ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ከማዶ አርባው ዋሽንት አንድ በአንድ ሲነፋ ነዋዚሽ ቁጭ ብሎ ሰማ። ያሳዘነው ደግሞ የቺማ ዋሽንት ሦስተኛው ቀዳዳ ቃናውን ትንሽ መሳቱ ነው።

እሑድ የረፊዓ ታላቅ እኅት አፓ ሰርወት ለምሳ መጡ። አፓ ሰርወት ሠላሳ ስድስት ዓመት የፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ነዋዚሽ የሆነውን ሁሉ ሲተርክላቸው ጎመኑን በበቆሎ ቂጣ እየጠቀለሉ ሰሙት።

«ጨረስክ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨረስኩ፣ አፓ።»

«እስቲ ልጠይቅህ። እነዚህ ሰዎች ጻፍልን ብለውህ ነበር?»

«ኧረ አላሉም።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ደግሞ ፖስታው ላይ 'እናትህ' ብለህ ውስጡ ፍየል ቆዳ ጨመርክ።»

«ጉልፋም ነው የመከረኝ።»

«እኔ ፖስታ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣብኝ በመስኮቱ ውስጥ እጁን ይዤ ፖሊስ እጠራ ነበር። ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ደብዳቤ ማጭበርበር ነው። እሺ፣ ሰዎቹ በቃን ሲሉህስ?»

«ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«ለምን?!» አፓ ሰርወት ቂጣቸውን አስቀመጡ። «ሰው በሩን ሲዘጋብህ በመስኮት ገብተህ 'ለምን ዘጋህ?' ትለዋለህ?»

«በደንቡ መለማመጥ…»

«የአንተ ደንብ ለጎረቤት ነው። ጎረቤትህ ፊትህን ያየዋል፣ ይስቅልሃል፣ ይቅር ይልሃል። ደብዳቤ ፊት የለውም፣ ነዋዚሽ። የማያውቅህን ሰው የምታከብረው ባለማድከምህ ነው። 'በቃኝ' ካለህ 'እሺ' እንኳ አትበለው፤ ስሙን ሰርዝና ዝም በል። ደግሞ በየዓርቡ! እንግዳ የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ብረት ነው። አንተ ዝገሃል።»

ረፊዓ ስታጨበጭብ ነዋዚሽ አንገቱን ደፋ። «አሁን ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ እናቷ ለሞተችባት ሴት ጻፍ። ለእሷ ብቻ።»

ለቱሪድ ሰባት ገጽ ጻፈ። አፓ ሰርወት ወረቀት ላይ ታትሞ ሲሰጣቸው አነበቡትና እርሳስ አንሥተው ሦስት መስመር አስቀሩለት፦ አጥፍቻለሁ፤ አዝናለሁ፤ ዳግም አልጽፍም። ከቱሪድ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። «ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ዋሽንት አልፈልግም።»

ነዋዚሽ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ መጻፊያው ተጠጋ።

«አይሆንም» አሉ አፓ ሰርወት።

«'እግዜር ይስጥልኝ' ልበላት ብቻ?»

«እሱም ደብዳቤ ነው።»

ነዋዚሽ በኋላ ሲናገር፣ እንጨት ሲጠርብ ጣቱን የቆረጠው ጊዜ እንኳ እንዲህ አላመመኝም ይላል። ግን አልጻፈም።

ከዚያ የጉልፋምን ዝርዝር አጠፋ። የቡድን ሰባት መልእክት ለብቻው ወደ አንድ ሣጥን እንዲገባ አደረገ፤ አይከፍተውም። አፓ ሰርወት በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጡትን የድሮ ደብዳቤዎች አስወጡና ከእሱ የገዛ፣ ወይም በራሱ ፈቃድ የጠየቀ ሰው ብቻ እየለዩ ሰጡት። መቶ አርባ ሰው ተገኘ። ከአዲስ አድራሻ፣ ለእያንዳንዱ በስሙ፣ አንድ በአንድ ተጻፈ። ርእሱ፣ «ከዋሽንት ሠሪው ነዋዚሽ ሱለህሪ፦ ልጻፍልዎ?» ይላል። ውስጡ አራት መስመር ነው። በዓመት አራት ጊዜ አዲስ ነገር ሲኖር እጽፋለሁ፤ ከፈለጉ 'አዎ' ይበሉኝ፤ ካልመለሱ አልጽፍም፤ 'አዎ' ብለው ቢሰለችዎ በየደብዳቤው ግርጌ መውጫ በር አለ። ከብቶቹ እንዲገቡ ነዋዚሽ ብዙ ተከራከረ፤ አፓ ሰርወት አልተበገሩም።

ሠላሳ ስምንት ሰው አዎ አለ። ዘጠኝ ሰው አይ አለ። ከዘጠኙ አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ደንበኛው የነበረ የኢንቨርነስ ሰው ነው። ነዋዚሽ ስሙን ከመሰረዙ በፊት ግማሽ ቀን ቆየበት፤ ቢሆንም ሰረዘው፣ ምክንያቱንም እስከ ዛሬ አላወቀውም።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ስድስት ዋሽንት ተሸጠ። በሁለተኛው ምንም። በሦስተኛው ላይ ስለ ፍየል ቆዳ ቅባት አቀባብ ብቻ ጽፎ ምንም ግዙ ሳይል ሲልከው፣ አሥራ አራት ትእዛዝ መጣና ግራ ገባው። ሠላሳ ስምንቱ ለወዳጆቻቸው እየነገሩ፣ ወዳጆቻቸውም ራሳቸው እየጠየቁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ ስድስት ደረሱ። ነዋዚሽ የሁሉንም ስም በቃሉ ያውቃል። የሃመድም ባንድ በሁለተኛው ዓመት ወደ እሱ ተመለሰ፤ ሃመድ ስለ ሦስተኛው ቀዳዳ ምንም አልተናገረም፣ ነዋዚሽም በታላቅ ትግል አልጠየቀውም። መንገድ ላይ ግን ሰላምታውን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ለደብዳቤ ያልዋለው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ፣ መስጊድ ለመድረስ አሁን አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

ወሬው በከተማው ሲዞር ነጋዴው ሁሉ ደብዳቤውን ይዞ ይመጣ ጀመር። አፓ ሰርወት ረቡዕ ረቡዕ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ዋሽንት በሚነፋበት መሐል፣ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ይቀመጣሉ። በቀደም አንድ የቀዶ ሕክምና መቀስ የሚሠራ ሰው መጣና ለሦስት መቶ ሐኪም ቤቶች የላከውን ደብዳቤ ወረቀት ላይ አትሞ ሰጣቸው። አፓ ሰርወት መነጽራቸውን አስተካክለው ርእሱን አነበቡ። ከዚያ አንዱን ጥጥ ከጆሯቸው አወጡ።

«ለሐኪም ቤት፣ 'ይህ የመጨረሻ ዕድልዎ ነው' ብለህ ጻፍክ?»

«አዎ፣ አፓ። ሁሉም ከፍተውታል!» ሰውየው ከዋሽንቱ በላይ ጮኸ።

«ገዙ?»

«አንዱ ደወለልኝ።»

«ምን አለ?»

«'የትኛው በሽተኛ ነው?' አለኝ።»

አፓ ሰርወት ጥጡን ወደ ቦታው መለሱ፤ ለነዋዚሽም፣ ለሰውየው ወንበር አምጣለት የሚል ምልክት በእጃቸው አሳዩት።